ጋሽ አገኘሁት እና የወንድሜ መኪና ቀይ መብራት

በየሰፈሩ አንድ ሰው አለ፤ ዕድሜውን ሙሉ «አላውቅም» ብሎ የማያውቅ። እንዲህ ያለ ሰው ሰፈሬ የለም የሚል አንባቢ ካለ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ምናልባት ሰውየው እሱ ራሱ ነው።

የእኛው ጋሽ አገኘሁት ይባላሉ። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ከጎረቤቱ ግማሹ አያውቀውም፣ ግማሹ ረስቶታል። ሠላሳ ዓመት አሳንሰር ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ቀጭን፣ ጢማቸውን በየቀኑ የሚላጩ ሰው ናቸው። ከአሳንሰር ጋር ብዙ ከመኖራቸው የተነሳ በዓለም ላይ ያለ ብልሽት ሁሉ ወይ የወጣ ወይ የወረደ ነገር ነው ብለው ያምናሉ። ጥርስ ከታመመ ነርቩ ወርዷል። ቧንቧ ካንጠባጠበ ግፊቱ ወጥቷል። ማዶ ያሉት ባልና ሚስት የተፋቱ ጊዜም ሰው ሁሉ ሲያዝን እሳቸው ብቻ ራሳቸውን እየነቀነቁ አንዱ ወጥቶ አንዱ በመውረዱ ነው ብለው ነገሩን ዘጉት።

«አገኘሁት» የሚሉት ታዲያ ብልሽቱን ካዩ በኋላ አይደለም። በር ላይ ሆነው ነው። የእኛን ማቀዝቀዣ በር ላይ ሆነው አገኙት፤ ሁለት ቀን ሙሉ ዳቦ አሞቅንበት። የልብስ ሰፊዋን ማሽን አገኙላት፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ኋላ ብቻ ነው የሚሰፋው፤ እሷም ተመስገን ብላ ጨርቁን አዙራ መስፋት ለመደች። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል። ግን ክቡርነታቸውን በር ላይ «አይ፣ ይቅር» ብሎ የመለሰ ሰው አላየሁም። ሰው ሲቸገር ሳይጠሩት የሚመጣ ሌላ ማን አለ?

እንግዲህ ወደ መኪናው ልምጣ።

ታላቅ ወንድሜ አንድ ተራ ማክሰኞ፣ መሥሪያ ቤቱ ደረጃ ላይ፣ አርባ ስድስት ዓመት ሳይሞላው ሞተ። ልቡ ቆመ፤ ሌላ ምክንያት አልተገኘም። ከእሱ የቀረን ሁለት ሻንጣ ልብስና መኪናው ነው። መኪናው በዕድሜ ከእሱ ብዙም የማያንስ፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ፣ ሆዱ መሬት ሊነካ ጥቂት የቀረው የስፖርት መኪና ነው። የፊት መብራቶቹ ክዳን አላቸው። ሲበሩ ክዳኑ እያቃሰተ ይነሳና እንደ እንቁራሪት ዓይን ብቅ ይላሉ፤ ሲጠፉ ይከደናሉ። ወንድሜ በሕይወት ሳለ ያስቀን ነበር።

እማዬ ብቻዋን እንዳትሆን ብዬ ቤቷ ስገባ መኪናው ጓሮ፣ ቆርቆሮው ጋራዥ ውስጥ ነበር። በሳምንት ሁለቴ ሥራ ልሄድበት ወሰንኩ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ቁልፉን ሳዞር ጠቅ አለና ዝም አለ። ባትሪው ሞቷል። አንድ መካኒክ መጥቶ አዲስ ባትሪ ገጠመልኝ። በሦስተኛው ቀን እሱም ሞተ። ያን ጠዋት ቁልፉን ደጋግሜ ሳዞር ከጎረቤት ከሚያዋስነን ግንብ በላይ የተላጨ አገጭ ብቅ አለ።

ጋሽ አገኘሁት መጀመሪያ ባትሪው ውስጥ አገኙት። ቀጥሎ ባትሪ የሚሞላውን ዲናሞ የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጋው ላይ አገኙት። ቀጥሎ ዲናሞውን ራሱን ፈትተው የምግብ ጠረጴዛችን ላይ በተኑትና እዚያም አገኙት። መልሰው ሲገጥሙት አንድ ብሎን ተረፈ። ብሎኑን እያገላበጡ አዩትና ፋብሪካዎች ለጥንቃቄ ያበዛሉ ብለው በክብር ኪሳቸው ከተቱት። መኪናው ሁለት ቀን ሠርቶ እንደገና ሞተ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነብን።

ነገሩ መልኩን የቀየረው አንድ ሐሙስ ነው። ራሴን አሞኝ በአሥር ሰዓት ከሥራ ገባሁ። ጓሮው ጭር ብሏል። የጋራዡ በር ገርበብ ብሎ ነበር፤ ውስጡ ድንግዝግዝ ያለ ነው፣ በቆርቆሮው ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን አቧራውን ከማሳየት አያልፍም። ልዘጋው ስጠጋ ከውስጥ የሚያቃስት ድምፅ ሰማሁ። የመኪናው የግራ መብራት ክዳን ቀስ ብሎ ተነሳ፣ እኩሌታው ላይ ቆመ፤ ከሥሩ መስተዋቱ አየኝ። ሌላ ቃል የለኝም፣ አየኝ። ቁልፉ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ እጄን ከትቼ ጨበጥኩት። ጥቂት ቆይቶ ክዳኑ ወረደ። በሩን ሳልዘጋ ቤት ገባሁና እማዬን ጠራሁ። መልስ አልነበረም። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይታ በጓሮ በኩል ስትገባ የት ነበርሽ አላልኳትም። እኔ ራሴ ስላየሁት ለመናገር አፍሬ ነበር።

ለጋሽ አገኘሁት ግን ነገርኳቸው። ግንቡ ላይ እንደተደገፉ እርጥበት መሆኑን አገኙት። ቅዳሜ ከሰዓት መሣሪያ ይዘው መጡ። ከመሪው ፊት ካለው የመለኪያ ሰሌዳ፣ ከክሩስኮቱ ሥር በጀርባቸው ተንጋለው ገቡ፤ ከበሩ ውጭ የሚታየው እግራቸው ብቻ ነበር። ኮፈኑ ተከፍቷል፣ እኔ ባትሪው ላይ የገጠሙትን መለኪያ ይዤ ቁጥሩን እጠራላቸዋለሁ። ሞተሩ ጠፍቷል፤ ቁጥሩ ግን ይወርዳል። አንድ ነገር ኃይሉን እየጠጣው ነው። ቁልፉ የት እንዳለ ጠየቁኝ፤ እጄ ላይ ነው አልኳቸው። በዚያው ቅጽበት በመስኮቱ ሳይ ክሩስኮቱ ላይ የባትሪ ሥዕል ያለበት ትንሽ ቀይ መብራት በርቷል።

ነገርኳቸው። ለማየት ሲወጡ ጠፋ። ሲገቡ በራ። ሲወጡ ጠፋ። ሦስተኛው ላይ መብራቱ እርስዎ ሲገቡ ነው የሚበራው አልኳቸው፤ ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም። ጋሽ አገኘሁት ፊታቸውን በጨርቅ ጠረጉ፣ መኪናውን በረጅሙ አዩት፣ ምድጃ ላይ የጣዱት ነገር እንዳለ ተናግረው ሄዱ። መሣሪያቸውን መሬት ላይ ትተው ሲሄዱ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። «አገኘሁት» ሳይሉም ሲሄዱ እንዲሁ።

እራት ላይ ዝም ብዬ ስጎርስ እማዬ ቀና ብላ አየችኝ።

«ለአንቺም መለሰልሽ?» አለችኝ።

ማን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። እሷው እንደ ቀላል ወሬ ነገረችኝ። ከሰዓት ከሰዓት፣ እኔ ሥራ ስውል፣ ጋራዡ ውስጥ ገብታ በእሱ መቀመጫ ላይ ትቀመጣለች። ታወራዋለች። መጀመሪያ ሰሞን ዝም ይል ነበር። አንድ ቀን ናፍቀኸኛል ብላ ስታለቅስ ቀዩ መብራት በራላት። ከዚያ ወዲህ አንዳንዱን ጥያቄ ይመልሳል፣ አንዳንዱን ይተዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። የእማዬ ልብም ደህና አልነበረም። ምቷ እየዘገየ ሁለት ጊዜ ወድቃለች። ሐኪሙ ደረቷ ውስጥ ምት የሚያስተካክል ትንሽ መሣሪያ እንግጠም ብሎ ለመጪው ረቡዕ ቀጥሯት ነበር። ይህን ሲላት ሰውየውን ከላይ እስከ ታች አይታ «ደረቴ ውስጥ ባትሪ ልትከት?» ብላው ወጣች። እኔም ወር ሙሉ ስለምናት፣ እሺም እምቢም ሳትለኝ፣ አስብበታለሁ ስትል ነበር።

ማንን ስታማክር እንደነበር አሁን ገባኝ።

«ምን ብለሽ ጠየቅሽው?» አልኳት።

«ልታከም ወይ አልኩት። ዝም አለ።» ውሃ ጠጣች። «ልምጣ ወይ አልኩት። በራ።»

 ይህን ስትለኝ ፊቷ ላይ ፍርሃት ቢኖር ይሻለኝ ነበር።

እሑድ ከሰዓት ተደብቄ ተከተልኳት። በበሩ ስንጥቅ አየሁ። መቀመጫው ዝቅ ያለ ስለሆነ ከውጭ የሚታየው የሻሿ ጫፍ ብቻ ነው፤ ሐሙስ ዕለት ባዶ ነው ብዬ ካየሁት መኪና ውስጥ ማን እንደነበረ ገባኝ። ማወቄ ግን አላረጋጋኝም። እማዬ በጨለማው ውስጥ ስታንሾካሹክ ቆየች። ከዚያ ለመስማት እንደሚጠጋ ሰው ወደ ፊት ጎንበስ አለች፤ ጉንጯ ቀይ ብርሃን ለበሰ። ከፊት ለፊት የግራው ክዳን እያቃሰተ ተነሳ። እማዬ ፈገግ አለች። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ስትፈግግ አላየሁም፤ ከሁሉም ያስፈራኝ እሱ ነው።

የማደርገው ሲጠፋኝ የጋሽ አገኘሁትን በር አንኳኳሁ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ መኪናውን፣ የእማዬን ልብ፣ ረቡዕን። ቆመው ሰሙኝ። አንድም ቃል ሳይጨምሩ፣ ሳያርሙ፣ ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ስጨርስ ገብተው የጥንት የሥራ ቱታቸውን ለብሰው ወጡ።

እማዬ እህቷን ልትጠይቅ ሄዳ ስለነበር ሰኞ ጠዋት ሥራ ቀርቼ ጋራዡን ለእሳቸው ለቀቅኩላቸው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድምፃቸው አልተሰማም። በመጨረሻ በቀስታ ጠሩኝ። ሞተሩ ሥር፣ እጅ እንኳ በማይደርስበት ቦታ፣ ሞተሩንና ባትሪውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኝ የተጎነጎነ ገመድ አሳዩኝ። አረንጓዴ ዝገት በልቶታል፤ ሦስት ክር ብቻ ይዞታል። በጣታቸው ሲነኩት ዝገቱ ረገፈ።

የወጣ ነገር ሁሉ መውረጃ ይፈልጋል አሉኝ። ኤሌክትሪክም ከባትሪው ወጥቶ በዚህ ገመድ ነው ተመልሶ የሚገባው። ዲናሞው ደህና ነው፣ ያመነጫል፤ ግን መመለሻው ስለተበላሸ ባትሪው አይሞላም። ፍሬን ሲረገጥ ደግሞ ቁልፍ ባይኖርም የኋላ መብራት ይበራል፤ ያ ኃይል መመለሻ ሲያጣ በማያገባው ገመድ ዞሮ፣ ቀዩን መብራት አብርቶ፣ የዓይኑን ክዳን ቀስቅሶ ያልፋል። ቅዳሜ ከክሩስኮቱ ሥር ሲገቡ ፍሬኑን የተጫነው የእሳቸው ትከሻ ነበር። እማዬም ለመስማት ጎንበስ ስትል እግሯ ፍሬኑ ላይ ይከብዳል። የኋላው መብራት ከሰዓት ሙሉ እየበራ ባትሪውን የሚጨርሰውም ለዚህ ነው።

የሠላሳ ዓመቱ የወጣና የወረደ ፍልስፍና እውነት ሆኖ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። ላቅፋቸው ምንም አልቀረኝ።

ገመዱን ዛሬ እንዳይቀይሩት ተስማማን። እማዬ በዓይኗ ትየው፤ ፍሬኑ ሲረገጥ ይበራል፣ ሲለቀቅ ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ምን ትላለች? ልጇን ሁለተኛ ጊዜ ልንገድልባት ነው። ረቡዕ ግን ሁለት ቀን ነበር የቀረው።

እማዬ በአሥር ሰዓት ተመልሳ እንደ ልማዷ ገባች። ጋሽ አገኘሁት ተከትለዋት፣ ፈቃድ ጠይቀው፣ በተሳፋሪው በር ገብተው ከጎኗ ተቀመጡ። እኔ በሩ ላይ ቀረሁ። ከደረታቸው በታች ያለው አይታየኝም። እሷ ስትጠይቅ መስማት ይችሉ እንደሆነ ጠየቋት፤ አልከለከለቻቸውም።

«ልጄ፣ ልምጣ ወይ?» አለች።

ቀዩ መብራት በራ። ብርሃኑን የፊት መስተዋቱ ላይ አየሁት።

ጋሽ አገኘሁት ወደ እግሯ ጎንበስ ብለው ሲያዩ አየሁ። ያዘጋጁትን ንግግር እስኪጀምሩ ጠበቅሁ። ጎንበስ እንዳሉ ቆዩ። ቀና ሲሉም አልተናገሩም። መብራቱ እንደበራ ነው።

«አንተ የማታውቀው የለም፤» አለች እማዬ። «እሱ ነው?»

«አላውቅም፣ እትዬ፤» አሉ።

እማዬ እንኳ ዞራ አየቻቸው።

ጥቂት ቆይተው የመኪናውን ኪስ ከፈቱ። ከወረቀቱ መካከል የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ አወጡ፤ ጠርዙ በወንድሜ እጅ የወየበ ነው። ገጽ ገለጡ፣ እጃቸውን ዘርግተው ከዓይናቸው አራቁት። «ማን እንደሚያበራው አላውቅም፤» አሏት። «መብራቱ ምን ማለት እንደሆነ ግን እዚህ ተጽፏል።» በቀዩ ብርሃን፣ በዝግታ፣ እንደ ደብዳቤ አነበቡላት። ይህ መብራት ከበራ ኃይል መሙያው ሥራውን አቁሟል ማለት ነው። ጉዞዎን አይቀጥሉ። በአፋጣኝ ወደ ባለሙያ ይሂዱ።

እማዬ መጽሐፉን ተቀብላ ሥዕሉን በጣቷ ነካችው፤ ከዚያ ክሩስኮቱ ላይ ያለውን። ሁለቱ አንድ ናቸው። 

«ነይ ያለኝ መስሎኝ ነበር፤» አለች።

መብራቱ መቼ እንደጠፋ ልብ አላልኩም።

ረቡዕ ጠዋት ከእኔ ቀድማ ለብሳ በር ላይ ቆማ ነበር። መሣሪያውን መግጠሙ ሁለት ሰዓት አልፈጀም። ጋሽ አገኘሁት ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አብረውኝ ዋሉ፤ ስለ መሣሪያው አሠራር ለሦስት ነርሶችና ለአንድ የጥበቃ ሠራተኛ አስረዱ፤ ሐኪሙ እስኪያመልጣቸው ድረስ ሐኪሙንም አስረዱት። ያን ቀን ማንም ዝም እንዲያሰኛቸው አልፈለግሁም።

በማግስቱ አዲሱን ገመድ ሲገጥሙ ለምን ስለ እግሯ እንዳልነገሯት ጠየቅኋቸው። ከሞተሩ ቀና ሳይሉ ነው የመለሱልኝ።

«እግራቸው ፍሬኑ ላይ አልነበረም፤» አሉ። «ጫማቸውን አውልቀው መቀመጫው ላይ ሰብስበውት ነበር።»

ብሎኑን አጠበቁ።  ጋሽ አገኘሁት በሕይወታቸው ሙሉ ሲሳሳቱ እንጂ ሲዋሹ ያየ የለም። ምናልባት በደንብ አላዩ ይሆናል፤ ጋራዡ ጨለማ ነው። እኔ ይህን እላለሁ፤ ምሽት ላይ ሲሆን ግን ብዙም አልልም።

መኪናው ከዚያ ወዲህ አንድ ቀንም አልሞተም። ቀዩ መብራትም ቁልፉ ሳይዞር አልበራም። እማዬ ሁለት ሳምንት ከተኛች በኋላ አንድ ከሰዓት ገብታ ተቀምጣ ወጣች፤ ምን እንዳለችው አልነገረችኝም፤ ፊቷ ግን ረክቶ ነበር።

የጎደለው ሌላ ነገር ነው። በዚያው ሰሞን ጋሽ አገኘሁት ቀሩ። አንድ ቀን ሁለት ቀን እያልን አምስት ቀን ሞላ፤ ከግንቡ በላይ አገጭ የለም፣ በር ላይ ድምፅ የለም። በመንገድ ሳገኛቸው ሰላም ብለውኝ፣ ስለ ጫማዬ ሶል እንኳ ሳያስረዱኝ አለፉ። ያቺ «አላውቅም» የሆነ ነገራቸውን የወሰደችባቸው መሰለኝ። ማቀዝቀዣው አዲስ ድምፅ ሲያመጣ እንኳ ማንም አላገኘውም። ቤቱ ትክክል በሆነ ነገር ተሞልቶ አላስቀምጥ አለኝ።

ቅዳሜ እለት አሥር ቁጥር መፍቻ ይዤ ጋራዥ ገባሁ። ሐሳቤ የባትሪውን አንድ ብሎን ትንሽ ላላ አድርጌ እሳቸውን ልጠራ ነው። ኮፈኑን ከፈትኩ፣ መፍቻውን አስጠጋሁ።

ብሎኑ ላልቶ ነበር። ገመዱ ከባትሪው ተነቅሎ በጥንቃቄ ወደ ጎን ተቀምጧል።

 ወደ ክሩስኮቱ ላለማየት አንገቴን አደረቅሁ። ኮፈኑን ሳልዘጋ ቤት ገባሁ።

እማዬ ወጥ ቤት ቆማ የጣቶቿን ጥቁር ቅባት በሳሙና ታሻለች። አሻግራ መፍቻዬን አየች፣ ከዚያ እኔን።

«ሂጂ ጥሪው፤» አለችኝ። «አምስት ቀን ሙሉ ማንም ሳያርመኝ ዋልኩ።»